አፍሪስታር ከአምስት ኪሎ

ጥቅምት 18 ቀን 1991 ዓ.ም. ማታ ከፈረንሳይ ጊያና፣ ከኩሩ ማስወንጨፊያ፣ በአሪያን 4 ሮኬት አንዲት ሳተላይት ወደ ሰማይ ወጣች። አፍሪስታር ትባላለች። የተሠራችው ለአንድ ጉዳይ ነው፤ ከአፍሪካ በላይ ቆማ፣ ከተማም ገጠርም ላለው ሰው ጥርት ያለ ሬዲዮ በቀጥታ ከሰማይ ልታወርድ። ያን ሰሞን የአገራችን ልብ ያለው ባድመ ግንባር ነበርና አዲስ አበባ ውስጥ ስለ ሳተላይት የሚያወራ አልነበረም። እኔ ስሟን የሰማሁት ከዓመታት በኋላ ነው፤ አምስት ኪሎ፣ ቴክኖሎጂ ፋኩልቲ፣ ኤሌክትሪካል ምህንድስና ስማር።

የሰማሁ ዕለት ልቤ ውስጥ ገባች። ባለቤቷ ወርልድስፔስ የሚባል አሜሪካ የነበረ ኩባንያ ነው፤ የኩባንያው መሥራችና ሥራ አስኪያጅ ግን ኢትዮጵያ ውስጥ የተወለዱት አቶ ኖህ ሳማራ ናቸው። ይህን ሳውቅ የተሰማኝን ኩራት ዛሬም አልደብቀውም። በመማሪያ መጽሐፋችን ውስጥ ያለው ቀመር ሁሉ የሌላ አገር ሰው ስም ነበረው። ሙከራው፣ ሕጉ፣ አሃዱ ሳይቀር በእነሱ ስም ይጠራል። እና ድንገት ከእኛ መካከል የወጣ ሰው፣ ያውም ኢንጂነር ያልሆነ፣ ጆርጅታውን ሕግ ያጠና ሰው፣ በራሱ ሐሳብ ሳተላይት አሠርቶ አናታችን ላይ አቆመ። ስለ ወርልድስፔስ የምጽፈው እንግዲህ እንደ ገለልተኛ ታዛቢ አይደለም። የወደድኩትን ነገር ነው የምጽፈው።

አቶ ኖህ ሐሳቡ የመጣላቸው ስለ ኤድስ በአፍሪካ ከተጻፈ የጋዜጣ ዘገባ መሆኑን ደጋግመው ተናግረዋል። ሰው የሚያልቀው መድኃኒት ስለሌለ ብቻ ሳይሆን ወሬው ስላልደረሰው ነው ብለው አሰቡ። ወሬውን ለማድረስ ደግሞ ምሰሶ መትከል፣ መንገድ መቁረጥ፣ መብራት መጠበቅ አያስፈልግም፤ ሰማይ ላይ ያለች አንዲት ጣቢያ አህጉሩን ትሸፍናለች። በ1990 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኩባንያውን መሠረቱ። ከሁለት ዓመት በኋላ ስፔን ውስጥ ዓለም አቀፍ የሬዲዮ ሞገድ ጉባኤ ተቀምጦ ከ1452 እስከ 1492 ሜጋኸርዝ ያለውን ሞገድ ለዲጂታል ድምፅ ስርጭት ሲመድብ፣ እሳቸው ከጉባኤው ደጋፊ ሲያሰባስቡ ከነበሩት አንዱ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ከባለሀብቶች ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰቡ። አፍሪስታርን ተከትላ በ2000 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኤዥያስታር ወጣች። ለላቲን አሜሪካ የታሰበችው ሦስተኛዋ፣ አሜሪስታር፣ ምድር ላይ ቀረች።

ሥራው ያምር ነበር። አሁንም ሳስበው ይማርከኛል። ለቴሌቪዥን ዲሽ የሚያስፈልገው ሞገዱ ከሳተላይቷ ሲደርስ ደካማ ስለሆነ ነው፤ ክረምት ላይ ዝናብ ሲበረታም ምስሉ ይቆራረጣል። አፍሪስታር የተጠቀመችበት ሞገድ ግን ዝናብ አይበግረውም፤ መዳፍ በምታህል ጠፍጣፋ አንቴና ይያዛል። የቆመችው 21 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነበር። ከአዲስ አበባ ሲሰላ ከአድማስ ወደ 67 ዲግሪ ከፍ ብሎ፣ ወደ ደቡብ ምዕራብ ዞር ብሎ ማለት ነው። ከግቢያችን ቆሞ አንቴናውን ወደዚያ ያነጣጠረ ሰው ፊቱ ወደ ፒያሳ ይሆናል። ይህን ስሌት ማንም ሳያዘን ደብተራችን ላይ ሠርተነዋል። የሳተላይቷን ኃይል፣ የመንገዱን ርቀት፣ የአንቴናውን ስፋት ደምረን ቀንሰን የሚደርሰው ሞገድ በቂ ሆኖ ሲገኝ የነበረው ደስታ ፈተና ከማለፍ አይተናነስም። የሽፋን ካርታዋ ላይ ሦስት ትልልቅ ክቦች አፍሪካን ከዳር እስከ ዳር ይሸፍናሉ። ከምሥራቁ ክብ ውስጥ ኢትዮጵያ አለች፤ ኦጋዴንም፣ ጋምቤላም፣ ሰቆጣም። በእኛ ዓይን ነገሩ እዚያ ላይ አልቋል፤ ሳተላይቷ ሁሉም ዘንድ ደርሳለች።

መቀበያውን በአካል ያየሁት አንድ የክፍል ጓደኛዬ ይዞት ሲመጣ ነው። አጎቱ የውጭ እርዳታ ድርጅት ውስጥ ይሠሩ ነበር፤ ድርጅቱ ለመስክ ሠራተኞቹ የገዛው ነው። ሂታቺ ነበር። መቀበያዎቹን ያኔ የሚሠሩት ሂታቺ፣ ጄቪሲ፣ ፓናሶኒክና ሳንዮ ናቸው። አንቴናው ከጀርባው ይላቀቃል፤ በረጅም ሽቦ መስኮት ላይ ማስቀመጥ ይቻላል። መኝታ ክፍል ውስጥ ስንከፍተው ምንም የለም። ሞገዱ ዝናብ ቢያልፍም ቆርቆሮ አያልፍም፤ ከሳተላይቷ ጋር ፊት ለፊት መተያየት አለበት። አንቴናውን ይዘን ደጅ ወጣን። አንዱ ያዞራል፣ አንዱ ትንሿ መስኮት ላይ የምትቆጠረውን የሲግናል ምልክት ይጠራል። «ትንሽ ወደ ግራ። አንሳው። እዚያ ላይ! እዚያ ላይ ያዘው!» ከዚያ ጃዝ መጣ።

በአጭር ሞገድ ላደገ ሰው ያን ድምፅ መግለጽ ከባድ ነው። አባቴ ማታ ማታ የዶቼ ቬሌንና የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ስርጭት የሚሰሙት ጆሯቸውን ሬዲዮው ላይ ለጥፈው፣ በፉጨት መካከል፣ ጣቢያው ሲሸሽ እየተከተሉ ነበር። እዚህ ግን ፉጨት የለም። የባለከበሮው ብሩሽ ከበሮው ላይ ሲንሸራተት ይሰማል። ዝም ብለን ቆመን ሰማን። ማንም «ስንት ነው?» ብሎ አልጠየቀም።

የጠየቁት ፒያሳ ያሉ ጋሼ ናቸው።

ከትምህርት ሰዓት ውጭ ቴፕና ቴሌቪዥን ጥገና፣ ዲሽ ማስገጠም ከሚሠራ ሱቅ እየሄድኩ እጄን አፍታታ ነበር። በአራት ኪሎ አድርጌ፣ ራስ መኮንን ድልድይን ተሻግሬ ሽቅብ ስወጣ የሚገኝ ጠባብ ሱቅ ነው። ባለቤቱን ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። መደበኛ ትምህርታቸው ብዙ አልገፋም፤ ግን የትኛው ጣሪያ የትኛውን ሳተላይት እንደሚያይ ሰፈሩን ቤት በቤት ያውቁታል። መቀበያውን ለአንድ ከሰዓት ተውሼ ወሰድኩላቸው። አንቴናውን ደጅ ደረጃው ላይ አስቀምጬ ሽቦውን ወደ ውስጥ ሳብኩ። ሥራቸውን አቁመው፣ መነጽራቸውን አውልቀው ሰሙ።

«ድምፁ እውነትም ግሩም ነው» አሉ። «ስንት ይላሉ?»

«መቀበያው ሁለት መቶ ዶላር አካባቢ ነው ይባላል ጋሼ።»

«ወሩስ?»

«አሁን በክፍያ እያደረጉት ነው። በዶላር ነው የሚከፈለው።»

«አማርኛ አለው?»

ጣቢያዎቹን አዞርኩላቸው። ቢቢሲ አለ። ፈረንሳይኛ አለ። የኩባንያው የራሱ የሙዚቃ ጣቢያዎች አሉ፤ ለጃዙ፣ ለክላሲካሉ፣ ለፖፑ ለየብቻ። ያን ዕለት ያዞርኩት አንዱም አማርኛ አልተናገረም።

«እንግዲህ ልጄ» አሉ፣ «ይሄ ዕቃ ለአጎትየው መሥሪያ ቤት ነው የተሠራው።»

አልተቀየምኩም፤ ግን አልተቀበልኳቸውም። ዋጋ ይወርዳል፣ አማርኛም ይመጣል፣ ትልቁ ነገር ሳተላይቷ መውጣቷ ነው ብዬ ተከራከርኩ። ቴክኖሎጂ ሲበዛ እንደሚረክስ በሬዲዮ ካሴት አይተናል፣ በእጅ ሰዓት አይተናል። ክርክሬ ሞኝነት አልነበረም። ሲጀመር 200 ዶላር ማለት በዘመኑ ምንዛሪ ከ1,500 ብር በላይ ነው፤ የጀማሪ መምህር የወር ደመወዝ ያኔ ከዚያ በብዙ ያንስ ነበር። ወርልድስፔስም ይህን ያውቅ ነበር፤ ዋጋው ከ50 ዶላር በታች ይወርዳል የሚል ተስፋ ይዞ ነው የተነሣው። እንዲወርድ በሚሊዮን የሚቆጠር ዕቃ መሸጥ አለበት። በሚሊዮን እንዲሸጥ ደግሞ መጀመሪያ መውረድ አለበት። ከዚያ ማነቆ አልወጣም።

ኩባንያው ሲጀምር አድማጩ በነጻ እንዲሰማ፣ ጣቢያዎች ለቦታው ኪራይ እንዲከፍሉ፣ ማስታወቂያም እንዲገባ ነበር ሐሳቡ። ገቢው ሳተላይቶቹ የፈጁትን አልመለሰም። ባለሀብቶች ገንዘባቸውን ይጠይቃሉ። ስለዚህ ወደ ወርሃዊ ክፍያ ዞረ፤ ዓይኑንም ወደ ህንድ አዞረ። የህንዱ የሙዚቃ ደራሲ ኤ. አር. ራህማን የመለያ ዜማውን ሠራላቸው። በ1997 ዓ.ም. መጨረሻ ናስዳቅ በተባለው የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ላይ አክሲዮኑን በ21 ዶላር ለገበያ አቀረበ። በመላው ዓለም የነበሩት ከፋይ ደንበኞቹ ሲበዙ ወደ 170,000 ደረሱ፤ አብዛኞቹ ህንዳውያን፣ ያውም ከተሜ፣ ሙዚቃ መርጠው የሚሰሙ ሰዎች። ስለ ኤድስ ወሬ ላልደረሰው ገበሬ ታስቦ የወጣ ሐሳብ በመጨረሻ ሁሉ ነገር ያለው ቤት ሳሎን ውስጥ ተቀመጠ። ይህን ስጽፍ አቶ ኖህን ልወቅስ አይደለም። ከ1 ቢሊዮን ዶላር ጋር የሚመጣ ግዴታ አለ፤ ገንዘቡ ራሱ ወደሚከፍለው ሰው ይጎትታል። እሳቸው የቻሉትን ያህል ወደ ሌላው አቅጣጫ ጎትተዋል። በጎን ባቋቋሙት የእርዳታ ድርጅት በኩል ለአፍሪካ የትምህርትና የጤና ጣቢያ ነበራቸው፤ የአየር ጠባይ መረጃ ለገጠር የሚያደርሰው ራኔት የተባለው ፕሮጀክትም በዚያችው ሳተላይት ተጠቅሟል። ግን ያ ሁሉ ዳር ላይ ነበር። መሐሉን የያዘው ከፋዩ ነው።

እዚያው ዘመን ላይ ግን የአቶ ኖህ የመጀመሪያ ሐሳብ እኛው አገር ሲሠራ አይቻለሁ፤ ያለ ሳተላይት። «የቀን ቅኝት» የተባለው ተከታታይ የሬዲዮ ድራማ በ1990ዎቹ አጋማሽ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ይተላለፍ ነበር። ስለ ኤድስ፣ ስለ ቤተሰብ ምጣኔ፣ በአማርኛ፣ በታሪክ እያዋዛ። እናቴ ያን ሰዓት አያሳልፉም። የሚሰሙት የኪዮስክ ባትሪ በሚበላ፣ በላስቲክ ወገቡ በታሰረ ሬዲዮ ነው። ፉጨቱ እንዳለ አለ። ጎረቤቶች መጥተው በረንዳው ላይ ይቀመጣሉ፤ ድራማው ሲያልቅ ስለ ገጸ ባሕርያቱ ይጨቃጨቃሉ፤ ከጭቅጭቁ መሐል ደፍሮ ስለ ምርመራ የሚያነሣ ይገኛል። ያን በረንዳ አይቼ፣ የባለከበሮውን ብሩሽም ሰምቼ፣ ሁለቱን ለማገናኘት ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ።

ያገናኘልኝ ኳስ ነው።

በዚያን ጊዜ ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት የገባ ሰው የሚያየው ነገር አለ። በር ላይ ጥቁር ሰሌዳ ይቆማል፤ በጠመኔ «አርሰናል» በአንድ በኩል፣ ተጋጣሚው በሌላ በኩል፣ ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ከታች። በሩ ላይ አንድ ልጅ ሳንቲም በጨበጠ እጁ ይቆማል። ውስጡ ጨለማ ነው፤ አግዳሚ በአግዳሚ ላይ ተደርድሯል፤ ፊት የተቀመጠው አንገቱን ሰብሮ ነው የሚያየው። ዲሹ ጣሪያ ላይ ነው፤ እኛ ነን የገጠምነው። አንድ ዲኮደር፣ አንድ ካርድ፣ አንድ ወርሃዊ ክፍያ። ባለቤትየው ክፍያውን በውጭ አገር ገንዘብ በሚተመን ዋጋ ይከፍሉና ከመቶ ሰው ላይ አምስት አምስት ብር አድርገው ይሰበስቡታል። ጎል ሲገባ ከእሪ በከንቱ እስከ ሠራተኛ ሰፈር ጩኸቱ ተራ በተራ ይነሣል፤ የአንዱ ቤት ሲግናል ከሌላው በሰከንድ ስለሚዘገይ።

እዚያ ጣሪያ ላይ ሆኜ ነው የጋሼ ነገር የገባኝ። ከባለሳተላይቱ መዝገብ ላይ ይህ ሰፈር አንድ ደንበኛ ነው። እዚህ ታች ግን ሰፈር ሙሉ ሰው ነው። ሕዝባችን ለሚወደው ነገር አይከፍልም የሚሉ ነበሩ፤ ውሸት ነው፤ እዚያ አግዳሚ ላይ ቁርሱን ትቶ የከፈለ ልጅ አውቃለሁ። የሚከፍለው ግን በየቤቱ፣ በየወሩ፣ በባንክ አይደለም። በዕለቱ፣ በሳንቲም፣ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ነው። ይህን አከፋፈል ያወቁት ባለ ጥቁር ሰሌዳዎቹ ናቸው። ከላይ ያሉት ኩባንያዎች አያውቁትም ነበር፤ ወይም ቢያውቁት እንደ ሌብነት ነው የሚያዩት።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆነኝ የጂቲቪ ነገር ነው። በ1999 ዓ.ም. መጨረሻ አካባቢ ጌትዌይ ብሮድካስት ሰርቪስስ የተባለ፣ መቀመጫው እንግሊዝ የሆነ ኩባንያ ጂቲቪ በሚል ስም በአፍሪካ የክፍያ ቴሌቪዥን ጀመረ። ቀድሞ የኳሱን ስርጭት ይዞ የነበረውን ዲ.ኤስ.ቲቪን በርካሽ ዋጋ ሊወዳደር ነው የመጣው። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን ቀጥታ ጨዋታዎች 80 በመቶ ከሰሃራ በታች ላለው አፍሪካ የማስተላለፍ መብት ገዛ። ናይሮቢ፣ ካምፓላ፣ አክራ ያለ ኳስ ወዳድ አዲስ ዲኮደር ገዛ፤ ምርጫ አልነበረውም። ኩባንያው 22 አገር ደረሰ፤ ከ100,000 በላይ ደንበኛ አፈራ። ከሁለት ዓመት ያነሰ ጊዜ ነው የቆየው። ጥር 22 ቀን 2001 ዓ.ም. ስክሪኑ ጠፋ። ድርጅቱ የዓለም የገንዘብ ቀውስን ምክንያት አድርጎ ለፍርሻ ቀረበ። በቅድሚያ የከፈለ ደንበኛ ገንዘቡን አላየም፤ ዲኮደሩም ባዶ ሳጥን ሆኖ ቀረ። የኳሱ መብት በቀናት ውስጥ ወደ ቀድሞው ባለቤት ተመለሰ።

የገንዘብ ቀውሱ እውነት ነው፤ ያን ዓመት አበዳሪ ሁሉ እጁን ሰብስቧል። ለእኔ ግን ምክንያቱ ከዚያ ይቀድማል። ለኳስ መብት የሚከፈለው ዋጋ ብዙ ቤት ይከፍላል ተብሎ የተሰላ ነው፤ የከፈለው ቤት ግን ያን ዋጋ የሚሸከም አልሆነም። ከፋዩ አንድ፣ ተመልካቹ መቶ በሆነበት አህጉር 100,000 ደንበኛ ማለት ብዙ ሚሊዮን ዓይን ሊሆን ይችላል፤ ወደ ካዝና የሚገባው ግን የ100,000 ነው።

ወርልድስፔስ ከጂቲቪ ሦስት ወር ተኩል ያህል ቀድሞ፣ ጥቅምት 7 ቀን 2001 ዓ.ም. ነው ከአበዳሪዎቹ ጥበቃ እንዲሰጠው አሜሪካ ፍርድ ቤት የቀረበው። በ21 ዶላር የተሸጠው አክሲዮን አንድ ዶላር እንኳ አያወጣም ነበር። የሚገዛው ተፈልጎ አልተሳካም። በታኅሣሥ 2002 ዓ.ም. የህንድ ደንበኞቹ ስርጭቱ እንደሚቋረጥ ተነገራቸው። አፍሪስታርን በኋላ አቶ ኖህ ራሳቸው ባቋቋሙት ሌላ ኩባንያ በኩል ገዝተው፣ ያዝሚ በሚል ስም ትምህርትን በሳተላይት ወደ ታብሌት ለማውረድ ሞክረዋል። ይህ ጽናት ያስደንቀኛል። ብዙ ሰው አንድ ቢሊዮን ዶላር ሲፈርስ አይቶ ያንኑ ሐሳብ ደግሞ አይጀምርም።

ቴክኖሎጂው መጥፎ ነበር የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ አሁንም ደሜ ይፈላል። አልነበረም። ወርልድስፔስ በአንድ ወቅት ድርሻ የነበረው ኤክስኤም የተባለው የሳተላይት ሬዲዮ አሜሪካ ውስጥ በተመሳሳይ ሐሳብ ሚሊዮኖችን አስከፍሏል፤ በኋላም ከተፎካካሪው ከሲሪየስ ጋር ተዋህዶ ዛሬም አለ። ልዩነቱ ምድር ላይ ነው። አሜሪካዊው በየቀኑ መኪና ውስጥ ሰዓታት ያሳልፋል፤ ኤክስኤም ሕንፃ በሚጋርድበት ከተማ ሁሉ ምድር ላይ ማጠናከሪያ ጣቢያ ተከለ፤ ክፍያውም ከባንክ ካርድ በራሱ ይቆረጣል። ዶሮ ማነቂያ ውስጥ ከእነዚህ አንዱም አልነበረም። እዚህ የነበረው ታክሲ ነው፤ ታክሲ ውስጥ ደግሞ ኤፍ ኤም። አፍሪስታር ስትወጣ አዲስ አበባ የራሷ ኤፍ ኤም ጣቢያ አልነበራትም፤ ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 የመጣው በ1992 ዓ.ም. ነው። በ2000 ዓ.ም. ሸገር 102.1 ተከፈተ። በአማርኛ፣ በነጻ፣ ከኪስ ስልክ ላይ። ወርልድስፔስ የፈረሰበት ዓመት ላይ የከተማችን ሰው ጆሮ ላይ የጆሮ ማዳመጫ ነበረ፤ ውስጡ የሚሰማው ግን ከሰማይ የመጣ አልነበረም።

ዛሬ የምሠራው የኔትወርክ ዕቅድ ላይ ነው። ጠረጴዛዬ ላይ በየጊዜው የሽፋን ካርታ ይቀርባል፤ ይህን ያህል ምሰሶ፣ ይህን ያህል ወረዳ፣ ይህን ያህል መቶኛ ሕዝብ። ቀለም የተቀባው ቦታ ሁሉ እንደደረስንበት ይቆጠራል። እኔ ግን ከቀለሙ በፊት የዕቃውን ዋጋ አያለሁ፤ ከዚያ ገንዘቡ በምን መንገድ እንደሚከፈል፤ ከዚያ በምን ቋንቋ እንደሚያወራ። የሥራ ባልደረቦቼ ይህ የኢንጂነር ሥራ አይደለም፣ የገበያ ክፍል ይጨነቅበት ይሉኛል። አልስማማም። ጠንቅቆ የተሠራ ነገር ሲፈርስ አይቼ አዝኛለሁ፤ የፈረሰበት ቦታ ደግሞ ስሌታችን ውስጥ ያላስገባነው መስመር ላይ ነው።

በ2012 ዓ.ም. የአገራችን የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ኢትዮሳት ወደተባለው የሳተላይት ስርጭት ሲዛወሩ የአዲስ አበባ ጣሪያ ሁሉ ሰው በሰው ሆነ። ስርጭቱ ያለባት ሳተላይት 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ናት፤ ከእኛ ስትታይ አፍሪስታር በምዕራብ በኩል በነበረችበት ከፍታ ገደማ በምሥራቅ በኩል ትቆማለች። ዲሽ አዟሪዎች ከጣሪያ ጣሪያ ሲዘሉ ዋሉ። ባለቤቱ አንዴ ይከፍላል፣ ዲሹ ይዞራል፣ ከዚያ በነጻ ነው። ሕዝቡ ተሽቀዳድሞ አዞረ። ግን የሳተላይት ኪራይ አልጠፋም፤ ከተመልካቹ ትከሻ ወደ ጣቢያው ትከሻ ነው የተዛወረው፤ ኪራዩ የሚጠየቀው በዶላር ነው፤ የጣቢያው ገቢ በብር። ደህና ፕሮግራም ይዘው በዕዳ የተዘጉ ጣቢያዎችን አይተናል።

ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም. ፈርሷል። ያኔ የገጠምናቸው ዲሾች የት እንደገቡ አላውቅም። አልፎ አልፎ አምስት ኪሎ ለተማሪዎች ልምድ እንዳካፍል ስጠራ ግን የአፍሪስታርን ስሌት አሠራቸዋለሁ። ከስሌቱ በኋላ ቅዳሜ ከሰዓት ከተረፉት ኳስ ማሳያ ቤቶች አንዱ ሄደው ማን ለማን እንደሚከፍል አጣርተው እንዲመጡ እነግራቸዋለሁ። ባለፈው አንዲት ተማሪ ሁለቱንም አሟልታ መጣች። ስሌቷ ልክ ነው፤ የማሳያ ቤቱንም ገቢና ወጪ በሥርዓት ጽፋለች። ከዚያ እጇን አውጥታ ጠየቀችኝ፤ «ኳስ ሰውን አንድ ላይ ስለሚሰበስብ ከፋይ አገኘ። ስለ ወባ፣ ስለ እርግዝና፣ ስለ እህል ዋጋ የሚነገረውንስ ቤት ከፍቶ በር ላይ የሚያስከፍል ማን ነው?»

የእናቴን በረንዳ ነገርኳት። ድራማውን የሚያሠራው ገንዘብ ከየት እንደመጣ ወዲያው ጠየቀችኝ፤ ከውጭ ለጋሾች መሆኑን ነገርኳት። «እነሱ ሲሄዱስ?» አለች። ለእሱ የሚሆን መልስ አልነበረኝም። የመመረቂያ ጽሑፏን በዚህ ላይ ልትሠራ ነው፤ እኔም በማውቀው ልረዳት ተስማምቼ የጋሼን ስልክ ሰጥቻታለሁ።